ሁለተኛው ገጽ

«ዕድሜሽ ስንት ነው ሲሉሽ ምን ትያለሽ?» አለች እናት ከመጋረጃው ወዲያ።

«አሥራ ሁለት።»

«እንደገና።»

«አሥራ ስድስት።»

«ቶሎ በይው እንጂ። ዕድሜውን ለመናገር የሚያስብ ሰው አለ? የተወለድሽበትን ዓመትም አከታትለሽ በይ፤ የሚያምታቱት በሱ ነው።»

አያትየው ጢማቸውን እየተላጩ ነበር። ምላጩን ከጉንጫቸው አንሥተው ጆሯቸውን አቀኑ። ልጅቱ ከአሥራ ስድስት ወደ ኋላ እየቆጠረች የልደት ዓመቷን ስትፈልግ፣ በአንድ ዓመት ስትስት፣ እናቷ ስታርማት፣ ደግማ ስትስት ሰሙ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የልጆችን ዕድሜ በአምድ በአምድ ሲደረድሩ የኖሩ ሰው ናቸውና ልጅቱ መቀነሱን ሳትጨርስ መልሱ በአእምሯቸው ተጽፎ ነበር። በመሥሪያ ቤታቸው «ነቢዩ» ይሏቸዋል። በከተማው ትምህርት ቢሮ፣ በዕቅድ ክፍል ተቀምጠው፣ ዛሬ ከተወለዱ መቶ ሕፃናት ከስድስት ዓመት በኋላ ስንቱ አንደኛ ክፍል እንደሚገቡ፣ ከገቡትም ስንቱ ሰባተኛ እንደሚደርሱ፣ ለደረሱትም ስንት መምህር፣ ስንት ወንበርና ምን ያህል በጀት እንደሚያስፈልግ አስቀድመው የሚናገሩ እሳቸው ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ባልደረቦቻቸው ሊያሾፉባቸው ነበር። እሳቸው ግን ከሹመት ቆጠሩት፤ ለጡረታ ሰባት ወር በቀራቸው በዚህ ዓመት እንኳ ደረታቸውን ነፍተው ሲጠሩበት ይሰማሉ።

ቤቱ በአንድ መጋረጃ ለሁለት የተከፈለ ክፍል ነው። ከመጋረጃው ወዲህ የሽማግሌው አልጋ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያና አንድ እግሩ በተጣጠፈ ካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ አለ። ከመጋረጃው ወዲያ ባሏ ጥሏት ከሄደ ጀምሮ ልጃቸው ከልጇ ጋር የምትተኛበት ፍራሽና ልብስ የታጨቀባቸው ሁለት ሻንጣዎች አሉ። ልጃቸው በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሸሚዝ አንገትጌ ትሰፋለች፤ በቀን አራት መቶ አንገትጌ። ሻይና ግማሽ ዳቦ ይዛ ስትመጣ ዓይኖቿ አባቷን አላዩም። ሳህኑን አስቀመጠች፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያለ ምክንያት በመዳፏ ጠረገች። አባት ዳቦውን ቆርሰው ሻዩ ውስጥ ነከሩ። ሁለቱም የሆነውን ያውቃሉ፤ ከሁለቱ ግን ነገሩን የሚጀምረው ጠፋ።

«ትምህርት መቼ ነው የሚከፈተው?» አሉ በመጨረሻ።

«ለማን?» አለች ልጃቸው። ጥቂት ጠብቃ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «ሰባተኛ ክፍል ታጥፏል አባባ። በሩ ላይ ለጥፈውታል። ሰባተኛ የደረሰ ከተማው ዳር ያለው ትምህርት ቤት ይሂድ ነው የሚለው። ሁለት አውቶቡስ ነው፤ መሄጃና መመለሻ ሲሆን የደመወዜን ሩብ ይበላል።»

«ፋብሪካውስ?»

«ነገ አዲስ ሰው ይቀበላሉ። ከአሥራ ስድስት በታች አይነኩም።»

ከዚህ በኋላ ልጃቸው ሳህኑን አነሣች። በመሐላቸው ያለው ቅያሜ የዛሬ ብቻ አልነበረም። ባለፈው ወር ልጃቸው፣ ከስንት ቀን ማመንታት በኋላ፣ «እርስዎ እዚያው ቢሮ ነዎት፤ ለልጅቱ በሌላ ትምህርት ቤት ቦታ አይጠይቁልንም?» ብላቸው ነበር። እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው፣ ከወንበራቸው ላይ ቀና ብለው፣ «እኔ በዝምድና ሠርቼ አላውቅም፤ በስተርጅናም አልጀምርም» ብለው መልሰውላታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን አንሥታባቸው አታውቅም። አሁን ኮታቸውን ሲደርቡ፣ ጫማቸውን ሲያስሩ፣ በሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን ሲያስተካክሉ፣ አንዲት ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፤ «እስክመለስ ጠብቂኝ» የምትል። የምትል እንጂ የተባለች አይደለችም። ቃል ገብቶ አለመፈጸም ውርደት ነው ብለው ዋጧትና ወጡ።

ሌላ ቀን አውቶቡስ የሚጠብቁት ከቤቱ በስተ ላይ በኩል ነው። ዛሬ ግን እግራቸው ቁልቁል ወደ ወንዙ ወሰዳቸው፤ ድልድዩን ተሻግረው ከልጅቱ ትምህርት ቤት በር ፊት ቆሙ። ማስታወቂያው በአራት ማእዘኑ ሙጫ ተቀብቶ ብረቱ ላይ ተለጥፏል። «የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ቁጥር በትንበያው መሠረት በተከታታይ እየቀነሰ በመሄዱ፣ ውስን የሆነውን የሕዝብ ሀብት በአግባቡ ለመጠቀም ሲባል» ይላል። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ውስን የሆነውን የሕዝብ ሀብት በአግባቡ ለመጠቀም» የምትለዋን ሐረግ የጻፏት እሳቸው ናቸው። ነጠላ ሰረዟ እንኳ የቆመችው እሳቸው ባቆሟት ቦታ ነው።

«ልጅ ሊያስመዘግቡ ከሆነ ይመለሱ ጋሼ» አለ ዘበኛው፣ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ። «ሰባተኛ የለም። ዘንድሮ እኔ የምጠብቀው ባዶውን ክፍል ነው። አንድ ነገር አይጠፋም፤ ሥራው ቀለለኝ።»

«ልጅ ቀነሰ ነው የሚለው?»

«ይላል። የጻፈው ሰውዬ በዚህ አላለፈማ» አለና በአገጩ መንገዱን አመለከተ።

መንገዱ በልጆች ተሞልቷል። የውሃ ጀሪካን የሚጎትቱ፣ የታናናሾቻቸውን እጅ የያዙ፣ ከግንቡ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው የተቀመጡ፣ ቁመታቸው ለሰባተኛ ክፍል የደረሰ ሴቶችና ወንዶች። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው መቁጠር ጀመሩ፤ አርባ ሲደርሱ ተዉት።

ድልድዩን መልሰው ሲሻገሩ ነው ነገሩ ትዝ ያላቸው። ይህ ድልድይ ከአምስት ዓመት በፊት በጎርፍ ተወስዶ፣ ለሁለት ወር ሰው በገመድ ነበር የሚሻገረው። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሦስት ትምህርት ቤቶች የዓመቱን የቆጠራ ቅጽ የላኩትም በዚያው ሰሞን ነው። ሽማግሌው በድልድዩ መሐል ቆመው የእጅ መደገፊያውን ብረት ያዙ። ከኋላቸው የመጣ ባለ ጋሪ «እባክዎ ይለፉ አባቴ» እስኪላቸው ድረስ ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም።

መዝገብ ቤቱ ከቢሮው ሕንፃ ሥር፣ ፀሐይ በማይገባበት ምድር ቤት ነው። ኃላፊዋ በበጋ እንኳ ሁለት ሹራብ ደርባ የምትውል፣ ከሽማግሌው ጋር በአንድ ዓመት የተቀጠረች፣ ምላሷ ስለታም ሴት ናት።

«ነቢያችን ምን ጠፋባቸው?»

«የጎርፉን ዓመት ቅጾች አውጪልኝ።»

«ጎርፉ ሲመጣ ሳይነግሩን ቀርተው ዛሬ ሊቆጥሩት?» አለች፤ ፊታቸውን ስታይ ግን ሳቋን ውጣ ወደ መደርደሪያው ሄደች።

ቅጹ ሁለት ገጽ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ፣ በሁለተኛው ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ይሞላል። ከወንዙ ማዶ የመጡት የሦስቱ ትምህርት ቤቶች ቅጾች አንድ አንድ ገጽ ብቻ ናቸው። በማጠቃለያው ሠንጠረዥ ላይ፣ በሦስቱ ረድፍ፣ ጸሐፊዋ ያልደረሰ መረጃ ማለት የሆነችውን ሰረዝ አስምራ ነበር። በሦስቱም ሰረዞች ላይ በቀይ እርሳስ ዜሮ ተጽፎባቸዋል። ቀይ እርሳስ በክፍሉ ውስጥ የሚይዝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ማስረከቢያው ቀን ደርሶ፣ መኪና በር ላይ ቆሞ፣ ጸሐፊዋ «ሁለተኛው ገጽ አልመጣም፤ ምን ላድርግ?» ስትላቸው፣ «ሰረዝ አይደመርም፤ ዜሮ ላድርገው፤ ሲመጣ እናርመዋለን» ያሉት ድምፅ እንደ ትናንት ተሰማቸው። አርመውት ያውቃሉ? አላረሙትም። በዚያ ዜሮ ምክንያት፣ በአካባቢው ከስድስተኛ ወደ ሰባተኛ የሚዘልቁት ልጆች ከመቶው ሰማንያ ስምንት የነበሩት ወደ ስድሳ አንድ ወረዱ። እሳቸውም ቁልቁለቱን አይተው፣ ማስመሪያቸውን አስተካክለው፣ መስመሩን ወደ ፊት አሰመሩት።

«ቆዩ፣ የነዚህ ሌላ ፖስታ ነበር» አለች ኃላፊዋ ከመደርደሪያው ጀርባ። አቧራውን በሹራቧ እጅጌ ጠርጋ ያመጣችው ፖስታ አፉ እንደታሸገ ነው። ውሃ ነክቶት ደርቆ ተጨማድዷል። የገቢ ማኅተሙ፣ ሠንጠረዡ በተላከ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን የተመታ ነው። በአናቱ «ለዕቅድ ክፍል» ተብሎ ተጽፏል፤ ማንም ግን ሊወስደው አልመጣም። ሽማግሌው በማስመሪያ ጠርዝ ከፈቱት። ሦስቱ ገጾች እርስ በርስ ተጣብቀው ነበርና እንደ ቁስል ፋሻ ቀስ እያሉ ላጧቸው። ቀለሙ ፈስሷል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። ዘጠና አራት። መቶ ሃያ አንድ። ሰማንያ ስምንት። ሦስት መቶ ሦስት ልጆች በዚያ ዓመት ሰባተኛ ክፍል ተቀምጠው ይማሩ ነበር።

ሴትዮዋ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበች። ከዚያ እንደ ሥራዋ ደንብ እስክሪብቶዋን አንሥታ፣ «ለማን ልምራው?» አለች።

«ለእኔ» አሉ ሽማግሌው። «ለእኔ ምሪው።»

ዳይሬክተሩ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት በእሳቸው ጠረጴዛ ጥግ ተቀምጦ እርሳስ ይቀርጽ የነበረ፣ ማባዛቱን ያስተማሩት ሰው ነው። አሁን መስታወት የለበሰ ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ አበባና በር ላይ የምትቀመጥ ጸሐፊ አለው። ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሣ፤ ይህን ክብር ነፍጓቸው አያውቅም።

«ጋሼ፣ ላስጠራዎ ነበር! እንኳን ደስ አለዎት። ላለፈው ዓመት ወደ ሰባተኛ ይዘልቃሉ ብለው የተነበዩት ከመቶው ሃምሳ ስምንት፤ የተገኘው ሃምሳ ስምንት ነጥብ አራት። የገንዘብ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች እንዲህ ያለ አላየንም ነው የሚሉት። የሚመጣውን የአሥር ዓመት ትንበያ ሠንጠረዥ እርስዎ ካልፈረሙበት አንቀበልም ብለዋል። ከምሳ በፊት መድረስ አለበት።»

ሽማግሌው የተጨማደዱትን ገጾች መስታወቱ ላይ ዘረጉና የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የራሳቸውንም ጥፋት ሳያድበሰብሱ ተናገሩ። ዳይሬክተሩ ገጾቹን በጣቱ ጫፍ ገለጥ ገለጥ አደረጋቸው።

«ስህተት ቢሆን ኖሮ እንዴት ይገጥማል ጋሼ?»

«የገጠመው እኛው ስላስገጠምነው ነው። ዜሮ ተማሪ ብለን በተከታዩ ዓመት መምህራኑን አነሣን። የቀሩትን ልጆች ዘጠና ዘጠናውን በአንድ ክፍል አጨቅን። መቀመጫ ያጣው ቤቱ ቀረ። የቀረውን ቆጠርንና ትንበያው ልክ ነው አልን። በየዓመቱ እንዲሁ። አሁን ደግሞ ክፍሉ ራሱ ታጠፈ፤ ከርሞ ከዚህም የበለጠ ይገጥማል።»

«ዋናው ነገር መስመሩ እውነቱን ማግኘቱ ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ መስመሩ ሰው ይግፋ አላልኩህም» አሉ። ከተሾመ ወዲህ በአንተ ሲጠሩት ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ዳይሬክተሩ አልተቆጣም፤ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ሲመለስ ከጠረጴዛው ወዲያ ሳይሆን ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ላስቸግርዎት አልፈልግም፤ እውነቱን ልንገርዎት። የበጀቱ ጣሪያ መጥቷል። ከመንግሥት ወጪ ለትምህርት የሚሰጠው ከመቶ አሥራ ዘጠኝ የነበረው፣ በአሥር ዓመት ውስጥ አሥራ አምስት ይሆናል። ይህ የተወሰነ ነው። ልጆቹ ስንት ናቸው ብሎ የጠየቀን የለም፤ ይህ ገንዘብ ለስንት ልጅ ይበቃል ነው የተባልነው። የእርስዎ እርማት አርባ አንድ ክፍልና ስልሳ መምህር ይጨምራል። ሠንጠረዡን ይመልሱታል፤ ሌላ ሰው ያሠሩታል። ያ ሰው ደግሞ እንደ እርስዎ ለልጆች የሚቆረቆር አይሆንም።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከመስኮቱ ውጭ አንድ ሠራተኛ የግቢውን ሣር ያጠጣ ነበር።

«ቤት ውስጥ ለሰባተኛ የደረሰች ልጅ አለች መሰለኝ» አለ ዳይሬክተሩ ድምፁን አለስልሶ። «የልጅዎ ልጅ። እርስዎ አይጠይቁም፤ አውቅዎታለሁ። እኔ ልጠይቅልዎ። ከዚህ አንድ ፌርማታ ላይ ያለው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህሩ ወዳጄ ነው። ሲመጡ ይዘዋት ይመጣሉ፣ ሲሄዱ ይዘዋት ይሄዳሉ።»

መልሱን ሳይጠብቅ ጸሐፊዋን ጠርቶ ደብዳቤውን ያስጽፋት ጀመር። ሽማግሌው ሲሰሙት ቃላቱ ከሩቅ የሚመጡ መሰላቸው፤ «ቦታ እንዲሰጣት»፣ «ዕድሜዋ ከአሥራ አምስት ዓመት ያልበለጠ መሆኑን በነዋሪነት ወረቀቷ አረጋግጣችሁ»።

«ይችኛዋ እንኳ የእርስዎ ደንብ ናት» አለ ዳይሬክተሩ ፈገግ ብሎ። ልክ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ዕድሜያቸው ያለፈ ተማሪዎች የሠንጠረዣቸውን አምድ እያበላሹ ስላስቸገሯቸው፣ ከአሥራ አምስት በላይ የሆነ ልጅ ሰባተኛ ክፍል እንዳይመዘገብ ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ አምዱ ጥርት ብሎ ሲያዩት ደስ ብሏቸው ነበር።

ሠንጠረዡ በአሥር ቅጂ ቀረበላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባላመኑበት ቁጥር ላይ ፊርማቸውን አኑረው አያውቁም ነበር፤ በዚህ ዓለም ላይ የእኔ ነው የሚሉት ሀብት ቢኖር ይህ ብቻ ነው። የሦስት መቶ ሦስቱን ልጆች አሰቡ፤ ፊት የላቸውም። የአንዷ ፊት ግን ጠዋት ከመጋረጃው ሥር ብቅ ሲል አይተውታል፤ ፀጉሯ ሳይበጠር፣ የልደት ዓመቷን በጣቷ እየቆጠረች። እስክሪብቶው በመጀመሪያ አልጽፍ አላቸው። ዳይሬክተሩ የራሱን አውጥቶ ሰጣቸው። ፈረሙ፤ አሥሩንም። ፊርማቸው እንደ ወትሮው ጥርት ያለ ነበር፤ በኋላ ያሳፈራቸው ይህ ነው።

የተጨማደዱትን ገጾች ወደ ምድር ቤት መልሰው ወረዱ። ኃላፊዋ መዝገቧን ገልጣ፣ «በምን ላስገባው?» አለች።

«ዘግይቶ የደረሰ በይው።»

ከዚያ ፈቃድ ጠይቀው ቀደም ብለው ወጡ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከሰዓት በኋላ ያለ ሕመም ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ሁለተኛቸው ነበር። ደብዳቤውን በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘው፣ አውቶቡሱ ውስጥ ቆመው፣ ለልጃቸው ምን እንደሚሏት ይለማመዱ ጀመር። «እንኪ» ብለው ብቻ ጠረጴዛው ላይ ሊያኖሩት ወሰኑ፤ ብዙ ማውራት እንደ ማስመስገን ይቆጠራል። እንዲያም ሆኖ፣ ለብዙ ጊዜ ያልተሰማቸው ዓይነት ሙቀት ደረታቸው ውስጥ ነበር። ፌርማታው ላይ ከመውረዳቸው በፊት በመስኮቱ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ በደግ ዓይን አዩ።

ልጃቸው ቤት ነበረች። በዚህ ሰዓት ቤት የምትሆን ሴት አይደለችም። የዕለት ልብሷን አውልቃ ደኅናውን ለብሳለች። ልጅቱ ከአልጋቸው ጠርዝ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯ እንደ ትልቅ ሴት ወደ ላይ ተጠቅልሎ ታስሯል፣ እግሯ ላይ የእናቷ ጫማ ነው፤ ጫፉ ላይ ወረቀት ተጎስጉሶ ሳለ እንኳ ሰፍቷታል። በጠረጴዛው ላይ፣ የማኅተሙ ቀለም ገና ያልደረቀ፣ አዲስ የነዋሪነት ወረቀት ተዘርግቷል።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ። የልጅቱን ስም፣ የእናቷን ስም፣ የልደት ዓመቷን አነበቡ። የቀነሱት በአንድ አፍታ ነው፤ አሥራ ስድስት። ደብዳቤውን ከኪሳቸው አወጡ፤ «እንኪ» ማለቱን ረሱት። ልጃቸው ተቀብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ቀስ ብላ አነበበች። መጀመሪያ ፊቷ በራ። ከዚያ መጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ቆመ። ደብዳቤውን ከወረቀቱ አጠገብ፣ ጠርዝና ጠርዛቸውን አጋጥማ አኖረችው።

«ጠዋት ሰምተውን ነበር?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ጠብቂ ቢሉኝ ምን ነበረበት አባባ?»

በመጋረጃው ላይ አንዲት ዝንብ ትሄዳለች። ሽማግሌው እሷን ያዩ ነበር።

«ይመለስ» አሉ በመጨረሻ። «ሄደሽ ተሳስቻለሁ በያቸው።»

«ምን ብዬ? ልጄ ጠዋት አሥራ ስድስት ነበረች፤ አሁን አሥራ ሁለት ሆነች ልበል? ዋሽታ አስመዘገበች ብለው የሚወስዱት እኔን ነው። የፈረመልኝ ሰውዬም ከሥራው ይባረራል፤ እሱም ልጆች አሉት። አንድ ጊዜ ከተፈረመ በኋላ ማን ያነሣዋል?»

ይህን ያለችው አባቷን ለመንካት አልነበረም፤ አባቷ ዛሬ ምን ፈርመው እንደመጡ አታውቅም። ሽማግሌው ግን ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አላወለቁም። ልጃቸው ሻይ ልታፈላ ተነሣች፤ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አንሥታ፣ ውሃ ሳትጨምርበት ምድጃው ላይ ጥዳ ቆመች።

ልጅቱ በሁለቱ መሐል ያለው ነገር አልገባትም። ጫማውን እያየች፣ እግሯን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዘች፣ «አባባ» አለች፤ «እርስዎ የከተማውን ልጅ ሁሉ ነው የሚቆጥሩት አይደል?»

«አዎ።»

«እኔ አሁን አሥራ ስድስት ከሆንኩ የት ነው የምቆጠረው?»

ሽማግሌው አምዱን ያውቁታል። ከግራ ሰባተኛው፣ «ያቋረጡ» የሚለው። ያ መስመር ሲሰመር ልጅቱ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ ከወንዙ ማዶ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከተጻፉት አንዷ፤ በየማታው ሒሳቧን እሳቸው ጉልበት ላይ ደብተሯን ዘርግታ የምትሠራ። ያን ጊዜ በቀይ እርሳሳቸው፣ አምስት ዓመት ወደ ፊት ሄደው፣ ከትምህርት አስወጥተዋታል።

«ተቆጥረሻል» አሉ። «ዱሮ ነው የተቆጠርሽው።»

ልጅቱ መልሱ በቅቷት እግሯን ማወዛወዟን ቀጠለች። እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ባዶውን ማንቆርቆሪያ እያየች፣ ድንገት፣ «ነገ በሩ ላይ ዕድሜሽ ስንት ነው ይሉሻል» አለች።

«አሥራ ስድስት» አለች ልጅቱ፤ የልደት ዓመቷንም አከታተለች። በዚህኛው ጊዜ አላሰበችም፤ አልተሳሳተችምም።